ሦስት መንግሥታት ያዩት አንድ ዘመን፦ የሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በኤስቶኒያ ፊልሞች

ከኤስቶኒያዋ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ከታርቱ በስተሰሜን ፓላሙሴ የምትባል የገጠር አጥቢያ አለች። በዚህች አጥቢያ የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች የአገራቸውን የሃያኛ ምዕተ ዓመት መባቻ ለትውልድ አስተላልፈዋል፤ ዳሩ ግን የመረጡት መንገድም ሆነ የገጠማቸው ዕጣ እጅግ የተራራቀ ነበር። ታላቁ ኦስካር ሉትስ (1887–1953) በአጥቢያው ትምህርት ቤት ያሳለፈውን ልጅነት መነሻ አድርጎ «ኬቫዴ»፣ ማለትም «ጸደይ»፣ የተባለውን ልቦለድ የመጀመሪያ ክፍል በ1912 አሳተመ። ታናሹ ቴዎዶር ሉትስ (1896–1980) ደግሞ ብዕርን ትቶ ካሜራን መረጠ፤ በ1927ም «ወጣት ንስሮች» የተባለውን የጦርነት ፊልም አዘጋጅቶ ለሕዝብ አቀረበ። ታላቁ በአገሩ ቀርቶ በ1945 ከሶቪየት መንግሥት «የሕዝብ ደራሲ» የሚል ማዕረግ ሲቀበል፣ ታናሹ በመጀመሪያ ወደ ፊንላንድ፣ ቀጥሎም ወደ ብራዚል ተሰድዶ ሳኦ ፓውሎ ከተማ ውስጥ አረፈ። የታላቁ መጽሐፍ በሶቪየት ዘመን ፊልም ሆኖ በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች ሲያገኝ፣ የታናሹ ፊልም በዚያው ዘመን ከሕዝብ ዓይን ተሰውሮ ቆየ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሁለቱ ወንድማማቾች ሥራዎች የሚያወሱት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሊጠቃለል የሚችል ዘመን ነው፤ ከአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ማለቂያ ጀምሮ እስከ 1920ዎቹ የሚደርስ። ኤስቶኒያውያን ይህንኑ ዘመን በሦስት የተለያዩ መንግሥታት ሥር እየተመላለሱ በፊልም አንሥተውታል፤ በመጀመሪያ እስከ 1940 በቆየችው ነጻ ሪፐብሊክ፣ ቀጥሎ በሶቪየት ኅብረት አስተዳደር፣ በመጨረሻም ነጻነት ከተመለሰበት ከ1991 ወዲህ። «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» የሚለው የአበው ብሂል ለእነዚህ ፊልም ሠሪዎች የተነገረ አይመስልም። ለአንድ ያለፈ ክረምት ሦስት ጊዜ ቤት ሠርተዋልና። ሊመረመር የሚገባው ከሦስቱ ቤቶች የትኛው እስከ ዛሬ ሰው እንደሚኖርበት፣ የትኛውስ ከሠሪዎቹ ጋር እንደ ፈረሰ ነው።

ፊልሞቹን ለመረዳት የዘመኑን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ ያሻል። የኤስቶኒያ ምድር በአሥራ ሦስተኛው ምዕተ ዓመት በጀርመን መስቀላውያን ከተያዘ ወዲህ፣ በላዩ የሚነግሠው ንጉሥ ዴንማርካዊም ይሁን ስዊድናዊ ወይም ሩስያዊ፣ የመሬቱ ጌቶች የባልቲክ ጀርመን መሳፍንት ነበሩ። ገበሬው ከመሬት ጋር ተቆራኝቶ ከሚኖርበት ባርነት በሕግ የተፈታው በ1816 እና በ1819 ነው፤ ነገር ግን ነጻነቱን እንጂ መሬቱን አላገኘም። ከዚያ በኋላም የጌታውን እርሻ በጉልበቱ እያረሰ፣ የተከራየውን ማሳ ኪራይ በላቡ እየከፈለ ኖረ። ጭሰኛ የሚለውን ቃል ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። በ1905 የሩስያ አብዮት ሲቀጣጠል እሳቱ ወደ ባልቲክም ደረሰ። በጥቅምት ወር ወታደሮች ታሊን ከተማ ውስጥ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኩሰው ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በታኅሣሥ ወር ከ100 በላይ የመሳፍንት ግቢዎች ተቃጠሉ ወይም ተዘረፉ፤ ከዚያም የቅጣት ጦር ዘምቶ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ረሸነ። የካቲት 24 ቀን 1918 ነጻነት ታወጀ። ከኅዳር ወር 1918 ጀምሮ ከሶቪየት ሩስያ ጋር የተካሄደው ጦርነት በታርቱ የሰላም ውል በየካቲት 1920 አበቃ። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ በጥቅምት 1919 የወጣው የመሬት አዋጅ ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ ርስቶችን ከመሳፍንቱ ወስዶ ለገበሬዎችና ለዘማቾች አከፋፈለ። እንግዲህ መላው ለውጥ የተፈጸመው በ15 ዓመት ጊዜ ውስጥ ነው።

ካሜራ በዚህ ዘመን ውስጥ ዘግይቶ የደረሰ እንግዳ አልነበረም፤ አብሮ ይጓዝ ነበር። ዮሐኔስ ፓሱኬ የተባለ የታርቱ ፎቶግራፍ አንሺ በ1912 የጸደይ ወራት ሩስያዊው አብራሪ ኡቶችኪን በከተማይቱ ላይ ያደረገውን በረራ በፊልም ቀረጸ። የኤስቶኒያ ሲኒማ የልደት ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ወጣቱ በዚያን ጊዜ ገና 20 ዓመቱ ነበር። በ1909 ለተቋቋመው ብሔራዊ ሙዚየም እየሠራ በደቡብ ምሥራቅ የሚኖሩትን የሴቶ ሕዝቦች አኗኗር፣ አለባበስና በዓል ፎቶግራፍ አነሣ፣ በፊልምም ቀረጸ። በ1914 ደግሞ «የድብ አደን በፓርኑ አውራጃ» የተባለውን አጭር አስቂኝ ፊልም ሠራ፤ ይህም የመጀመሪያው ኤስቶኒያዊ የልቦለድ ፊልም ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ድብ ሊገድሉ የወጡ ሰዎች ቀልድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን በፓርኑ ከተማ ጀርመኖችና ኤስቶኒያውያን ስለ ሥልጣን ያደርጉት የነበረውን ሽኩቻ የሚነቅፍ ስላቅ ነው። የዚህ አገር ፊልም ገና ከመጀመሪያ እርምጃው «አገሩ የማን ነው?» ብሎ መጠየቁን ልብ ይሏል።

ቴዎዶር ሉትስ «ወጣት ንስሮች»ን ሲሠራ ጦርነቱ ካበቃ ሰባት ዓመት ብቻ አልፎ ነበር። ፊልሙ ድምፅ አልባ ነው። ከተለያየ የኑሮ ደረጃ የመጡ ሦስት ወጣቶች፣ ተማሪው፣ አንጥረኛውና ገበሬው፣ በበጎ ፈቃድ ዘምተው በአንድ ምሽግ ውስጥ ይገናኛሉ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ በመደብና በሙያ ቢለያይም በጦር ሜዳ አንድ ሆነ የሚል ነው። ይህ ዓይነቱ አወቃቀር በብዙ አገሮች የድል ፊልሞች ውስጥ የሚገኝ ስለሆነ ለብቻው አያስደንቅም። የጠላት ወገን ሰዎችም ሰውነት ያልተሰጣቸው፣ ክፉ ሥራ ለመሥራት ብቻ ወደ ምስሉ የሚገቡ ናቸው። የፊልሙ ዋጋ ያለው ከዚህ ሌላ ነው። ፊልም አንሺው ኮንስታንቲን ማርስካ የአገሩን በረዶ፣ ጫካና የገጠር መንገድ በሚያስደንቅ ጥራት አንሥቶታል። በጦርነቱ ትዕይንቶች የተሳተፉት የጦር ሠራዊቱ ወታደሮች የሚይዙት ጠመንጃና የሚለብሱት ካፖርት የቴአትር ቤት ዕቃ አይደለም፤ ዘመኑ ራሱ የተወው ነው። በዚህ ረገድ ፊልሙ ልቦለድም ሰነድም ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ልብስ አሰፍተው፣ ጠመንጃ ተውሰው ሊሠሩት የግድ የሆነውን እርሱ ከጎረቤት ያገኘው ነበርና።

በ1940 ኤስቶኒያ በሶቪየት ኅብረት ተጠቃለለች፤ ከሦስት ዓመት የጀርመን ወረራ በኋላም በ1944 የሶቪየት ሥልጣን ተመለሰ። ቀያይ ወታደሮችን በጠላትነት የሚያሳይ ፊልም ከዚያ ወዲያ ቦታ እንደማይኖረው ግልጽ ነው። በ1947 ታሊን ውስጥ የተቋቋመውና ከ1963 ጀምሮ «ታሊንፊልም» የተባለው ስቱዲዮ ሥራውን የሚሠራው በሞስኮ ፈቃድ ነበር። የፊልም ድርሰት ተጽፎ፣ ተመርምሮ፣ ታርሞ ሳይጸድቅ ቀረጻ አይጀመርም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ አዘጋጆቹ አንድ አስተማማኝ መጠለያ አገኙ፤ እርሱም የቀደመው ሥነ ጽሑፍ ነው። ኤድዋርድ ቪልዴ፣ አንቶን ሐንሰን ታምሳሬና ኦስካር ሉትስ በትምህርት ቤት የሚጠኑ፣ የተፈቀዱና የተከበሩ ደራስያን ነበሩ። ስለ አሮጌው ዘመን ሊናገር የሚሻ ሰው በእነርሱ ስም ሊናገር ይችል ነበር።

በዚህ መንገድ ቀድመው ከሄዱት አንዷ ሌይዳ ላይዩስ (1923–1996) ናት። ይህች ሴት አዘጋጅ በ1965 የቪልዴን «የማኤኩላ ወተት ነጋዴ» የተባለ የ1916 ልቦለድ ፊልም አደረገችው። ታሪኩ የሚፈጸመው ምዕተ ዓመቱ ሊለወጥ ሲቃረብ ነው። ኡልሪክ ፎን ክሬመር የተባለ ጀርመናዊ ባለ ርስት የጭሰኛውን የቶኑ ፕሪሉፕን ወጣት ሚስት ማሪን ይመኛል። ለቶኑም የወተት ንግዱን ሊሰጠው፣ በለውጡም ሚስቱን ሊካፈለው ይዋዋላል። ከዚህ የበለጠ የጭሰኝነትን ምንነት የሚያሳይ ውል ማግኘት ያዳግታል። ባለ ርስቱ አይገርፍም፣ አይጮኽም፤ ጨዋ ነው፤ ገበያ ያቀርባል እንጂ አያስገድድም። አስገዳጁ ድህነት ነው። የታሪኩ ኃይል ግን ያለው ማሪን ዝም ብላ የምትሸጥ ዕቃ ባለማድረጉ ላይ ነው፤ ሁለቱ ወንዶች በላይዋ ሲዋዋሉ እርስዋም የራስዋን ትመዝናለች። ለቶኑ መጨረሻው አላማረም። መደባዊ ጭቆናን ለማሳየት መፈክር የግድ አለመሆኑን ለማስረዳት ይህ ሥራ ብቻ በበቃ ነበር።

ላይዩስ በ1979 ወደ ታምሳሬ ዞራ «የኮርቦያ ጌታ» የተባለውን የ1922 ልቦለድ ሠራች። ቪሉ የተባለው የአነስተኛ እርሻ ልጅ ከማሳው ድንጋይ ሲያፈነዳ አካሉ ይጎድላል፤ የትልቁ የኮርቦያ እርሻ ወራሽ የሆነችው አና ብትወደውም፣ ለእንዲያ ያለ እርሻ ጌትነት አይገባኝም ብሎ ራሱን ያጠፋል። የኤስቶኒያ ገበሬ ከጌታው ቀጥሎ የነበረው ባላንጣ ድንጋይና ረግረግ ነው። በረዶ በየዓመቱ አዲስ ድንጋይ ከመሬት ውስጥ እየገፋ ስለሚያወጣ ለቀማው ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሥራ ነው። ይህን የማያውቅ ተመልካች የቪሉን ተስፋ መቁረጥ የፍቅር ጉዳይ ብቻ አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ጉዳዩ ግን የሥራ ክብር ነው።

በሶቪየት ዘመን ከተሠሩት ሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ግን አርቮ ክሩሰመንት በ1969 ያዘጋጀውና በ1970 ለሕዝብ የቀረበው «ጸደይ» ነው። የፊልሙን ድርሰት የጻፉት ካልዮ ኪስክና ቮልደማር ፓንሶ፣ ሙዚቃውን የደረሰው ቬልዮ ቶርሚስ ሲሆኑ፣ ቀረጻው በዚያው በፓላሙሴ ተካሂዷል። ዋናዎቹ ተጫዋቾች ሙያተኞች አልነበሩም፤ ከየትምህርት ቤቱ የተመረጡ ልጆች ናቸው። አገሩ በሙሉ 1.4 ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ በነበረበት በዚያ ዓመት ኤስቶኒያ ውስጥ ብቻ 558,000 ትኬት ተሸጠ፤ በመላው ሶቪየት ኅብረት ደግሞ 8,100,000 ተመልካች አየው። እነዚህ ቁጥሮች ትንታኔ ይሻሉ፤ ምክንያቱም በፊልሙ ውስጥ ጦርነት የለም፣ አብዮት የለም፣ ጀግናም የለም።

ያለው የአጥቢያ ትምህርት ቤት ነው። ዝምተኛውና ስሜተ ስሱ አርኖ፣ የጎረቤቱ የራያ እርሻ ልጅ ቴሌ፣ ተንኮልና ተረት የማያልቅበት ቶትስ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ቀይ ጠጉሩ ኪር፣ ዳቦውን በሥጋ እየገመጠ ዝም የሚለው የገበሬ ልጅ ቶኒሶን በአንድ ክፍል ተቀምጠዋል። በእነርሱ ላይ ሁለት መምህራን አሉ። አንደኛው እንደ መሪጌታም እንደ ርእሰ መምህርም የሚያገለግለው ኪዮስተር ነው፤ ለእርሱ ትምህርት ማለት ትእዛዝና ቅጣት ነው። ሁለተኛው ቫዮሊን የሚጫወተው መምህር ላውር ሲሆን፣ ልጅን ከመፍረድ በፊት ያዳምጣል። ተዋናዩ ሌዮናርድ ሜርዚን ይህን ሰው ሲጫወት ድምፁን ከፍ የሚያደርግበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ መምህራን ሊያዩት የሚገባ ትወና ነው። ላውር ከልጆቹ ጋር አይለማመጥም፣ ወይም አዋቂነቱን ጥሎ ልጅ ለመምሰል አይሞክርም፤ ብቻ የሚናገሩትን እስኪጨርሱ ይጠብቃል።

የሕዝቡ ታሪክ በዚህ ትንሽ ዓለም ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ለማየት የግንድ ታንኳውን ጉዳይ መመልከት በቂ ነው። የገበሬ ልጆቹ ከጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ የጌቶች ልጆች ጋር ይጣላሉ፤ ከጠቡ በኋላ የእነዚያ ታንኳ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ ይገኛል። ጥርጣሬው በቶትስና በደወል ደዋዩ በሊብሌ ላይ ይወድቃል። ሊብሌ ድሃና ጠጪ ስለሆነ ለማባረር ምክንያት የሚፈልጉ ሰዎች አላጣም። ታንኳውን ያሰጠመው ግን ዝምተኛው ቶኒሶን ነው። ማንም አልላከውም፣ ለማንም አልተናገረም፤ አንድ የገበሬ ልጅ የሰባት መቶ ዓመት ቂም በአንዲት ታንኳ ላይ ተወጣው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የጀግንነት ሳይሆን የኅሊና ነው፤ ባላጠፋው ነገር ንጹሕ ሰው እንጀራውን ሊያጣ ነውና። የመደብ ትግልን የሚሰብክ ድርሰት በታንኳው መስጠም ላይ ባበቃ ነበር። የሉትስ ታሪክ ግን ድርጊቱ በደሃው ሊብሌ ላይ ያመጣውን መዘዝ እስከ መጨረሻው ይከተላል።

ሕዝቡ ወደዚህ ፊልም የጎረፈበት ሌላም ምክንያት መኖሩ አያጠራጥርም። በ1970 ስለ ነጻው ሪፐብሊክ በአደባባይ መናገር አይቻልም ነበር። ከሪፐብሊኩ በፊት የነበረውን መንደር ማየት ግን ይቻላል። የአያት ቤት፣ የእንጨቱ ወንበር፣ ልጆቹ የሚመቱት ካነል የተባለው ባለ ክር መሣሪያ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ በተለይም ቋንቋው በአዳራሹ ጨለማ ውስጥ የራስን ነገር ያስታውሳሉ። ሳንሱር ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሊቆርጠው የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር አያገኝም። ክሩሰመንት በ1976 «በጋ»ን፣ በ1990 ደግሞ «መፀው»ን ሲያዘጋጅ እነዚያኑ ልጆች መልሶ ጠራቸው፤ ተጫዋቾቹ ከገጸ ባሕርያቱ ጋር 21 ዓመት አብረው አደጉ። ተከታዮቹ ሁለት ፊልሞች የመጀመሪያውን ያህል አይሆኑም፤ የቶትስ ቀልድ በጎልማሳ አፍ ሲነገር ይከብዳል። በፓላሙሴ የነበረው ትምህርት ቤት ከ1987 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። በ2002 የኤስቶኒያ የፊልም ሐያስያንና ጋዜጠኞች ከአገሩ የልቦለድ ፊልሞች ሁሉ ድምፅ ሰጥተው ሲመርጡም «ጸደይ»ን በመጀመሪያ ደረጃ አስቀምጠዋል።

ከትምህርት ቤት ሳይወጡ «ኢንድሬክ»ን መጥቀስ ይገባል። ሚክ ሚኪቨር በ1975 የሠራው ይህ ፊልም ታምሳሬ ከ1926 እስከ 1933 በአምስት ቅጽ ባሳተመው «እውነትና ፍትሕ» ሁለተኛ መጽሐፍ ላይ የተመሠረተ ነው። ከእርሻ የመጣው ወጣት ታርቱ ውስጥ ሞሩስ የተባለ ሰው በሚያስተዳድረው የግል ትምህርት ቤት ይገባል። ለዚህ ትምህርት ቤት መነሻ የሆነው ታምሳሬ ራሱ የተማረበት የሁጎ ትሬፍነር ትምህርት ቤት መሆኑ ይታወቃል። ሩስያኛ፣ ጀርመንኛና ኤስቶኒያኛ የሚደባለቁበት፣ ዕውቀትም ሐሰትም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጡበት ቤት ነው።

አሁን ወደ ካልዮ ኪስክ (1925–2007) መመለስ ያስፈልጋል። በ«ጸደይ» ውስጥ ደወል ደዋዩን ሊብሌን የተጫወተው ይኸው ሰው ነው። ኪስክ በ1968 በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ የሚፈጸም «እብደት» የተባለ ፊልም ሠርቶ፣ ፊልሙ ከኤስቶኒያ ውጭ በሶቪየት ኅብረት እንዳይታይ ለብዙ ዓመታት ተከልክሎበታል። ከዚህ በኋላ አብዮታዊውን ታሪክ በተደጋጋሚ ፊልም ያደረገው እርሱ ነው። በ1974 «ቀዩ ቫዮሊን»ን አዘጋጀ፤ ይህም ከ1905 አብዮት በኋላ ተሰድዶ በአውሮፓ ለሠራተኞች ስብሰባ ቫዮሊን ይጫወት ስለነበረው ስለ ኤድዋርድ ሶርሙስ (1878–1940) ነው። በ1986 «ከመቶ ዓመት በኋላ በግንቦት» የተባለውን፣ በ1922 ታሊን ውስጥ ስለተረሸነው የኮሙኒስቶች መሪ ስለ ቪክቶር ኪንጊሴፕ የሚናገረውን ፊልም አቀረበ። በሳሬማ ደሴት ያለችው የኩሬሳሬ ከተማ ከ1952 ጀምሮ የምትጠራው በዚሁ ሰው ስም ነበር፤ ፊልሙ በወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ1988፣ የቀድሞ ስሟን መልሳ ያዘች። አንድ ፊልም የቆመበት መሬት ከሥሩ እንዴት ፈጥኖ ሊንሸራተት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ከኪስክ አብዮታዊ ፊልሞች የሚበልጠው በ1977 የቀረበው «የሞትን ዋጋ ሙታንን ጠይቅ» ነው። ድርሰቱን የጻፈው ማቲ ኡንት ነው። ታሪኩ በታኅሣሥ 1 ቀን 1924 ከተሞከረው ዓመፅ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያን ዕለት ንጋት ወደ 300 የሚጠጉ የታጠቁ ኮሙኒስቶች ታሊን ውስጥ የጦር ሰፈሮችን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና የባቡር ጣቢያውን አጠቁ። የመንገድ ሚኒስትሩ ካርል ካርክ ተገደለ። ሕዝቡ ግን አልተነሣም፤ ዓመፁ በሰዓታት ውስጥ ከሸፈ፤ ከዚያም የጦር ፍርድ ቤቶች ከ100 በላይ ሰዎችን አስረሸኑ። የኪስክ ፊልም ካሜራውን የሚያስቀምጠው በአደባባዩ ላይ ሳይሆን ሞት በተፈረደበት ሰው ክፍል ውስጥ ነው። ዓመፁ ከከሸፈ በኋላ ላለው ዝምታ ትኩረት ይሰጣል፤ ስለዚህም ርእሱ አብዮት ቢሆንም ጥያቄው ሰው ለሚያምንበት ነገር ምን ያህል ይከፍላል የሚል ነው።

ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ አስኮ ካሴ ያንኑ ዕለት «የታኅሣሥ ሙቀት» በተባለ ፊልም ዳግመኛ አነሣው። በዚህኛው ተመልካቹ የሚከተለው አንድ ወጣት የሪፐብሊኩን መኮንን ነው። በ1977 ተኳሹ የነበረው በ2008 ተከላካይ፣ ሰማዕት የነበረውም ወራሪ ሆኗል። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ማየት ለታሪክ መምህር ታላቅ ትምህርት ነው። ይሁንና በኪነ ጥበብ ሚዛን ሲመዘኑ የቆየው ይከብዳል። አዲሱ ፊልም ሩጫና ተኩስ አለው፤ ነገር ግን ድሉ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ማንም ሰው በውስጡ አይጠራጠርም፤ የማይጠራጠር ገጸ ባሕርይ ደግሞ በቶሎ ይረሳል። የዓመፁ መሪ ያን አንቬልት ከታሊን አምልጦ ሞስኮ ከገባ በኋላ በ1937 በራሱ ወገኖች ምርመራ ሥር እያለ መሞቱ ሦስተኛ ፊልም የሚወጣው ታሪክ ነው።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ወደ ዘመኑ መባቻ ቀድሞ የተመለሰው ሃርዲ ቮልመር ነው፤ የተመለሰውም በሳቅ ነው። በ1994 «የእሳት ውኃ»ን አዘጋጀ። ፊንላንድ ከ1919 እስከ 1932 አልኮል በከለከለችበት ጊዜ የኤስቶኒያ የባሕር ዳር መንደሮች በኮንትሮባንድ አረቄ እንዴት እንደከበሩ የሚያሳይ ነው። በ1997 ደግሞ «የእኔ ሌኒኖች» በተባለው ፊልሙ አሌክሳንደር ኬስኩላ የተባለው ኤስቶኒያዊ ከጀርመን መንግሥት ገንዘብ እየተቀበለ ለሌኒን አምሳያዎች ሲያዘጋጅ ያሳያል። ኬስኩላ በታሪክ የነበረ ሰው ነው፤ አምሳያዎቹ ግን የፊልሙ ፈጠራ ናቸው። ለ50 ዓመት ያህል በሐውልት ብቻ የታየ ሰው ተባዝቶ ሲሳቅበት፣ ሳቁ የሚመታው ከሰውየው ይልቅ ሐውልቱን ነው።

ሕዝቡን በብዛት የሳበው ግን በ2002 የቀረበው የኤልሞ ኑጋነን «ስሞች በእምነ በረድ ላይ» ነው። መነሻው ራሱ በጦርነቱ የዘመተው አልበርት ኪቪካስ በ1936 ያሳተመው ልቦለድ ነው፤ ደራሲው በስደት ስዊድን ውስጥ በ1978 ሞቷል። የታርቱ ተማሪዎች በ1918 መጨረሻ ደብተራቸውን ትተው ይዘምታሉ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሄን አሃስ የድሃ ልጅ ስለሆነ ቀያዮቹ ለድሆች የገቡት ቃል ልቡን ይከፍለዋል። ይህ መከፈል የልቦለዱ ምሰሶ ነው። ፊልሙ ምሰሶውን ሙሉ በሙሉ ባያነሣውም አሳንሶታል፤ ውጊያው እየገፋ ሲሄድ የሄን ጥርጣሬ ለጀብዱ ቦታ ይለቃል። በ75 ዓመት ልዩነት «ወጣት ንስሮች»ና ይህ ፊልም አንድ ዓይነት ክንድና አንድ ዓይነት ጉድለት አላቸው። ሁለቱም መንግሥት ገና በቆመ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተሠሩ መሆናቸው ሳይሆን አይቀርም ምክንያቱ።

በሌላው በኩል ጀርመናዊው ክሪስ ክራውስ በ2010 ኤስቶኒያ ውስጥ የቀረጸው «ፖል» የተባለ ፊልም የ1914ን በጋ ከጌቶቹ ቤት መስኮት ያሳያል። በኋላ ገጣሚት የሆነችው ኦዳ ሼፈር ገና ልጅ ሳለች በባሕር ዳር በቆመው የአባትዋ ግቢ ቁስለኛ ኤስቶኒያዊ አናርኪስት ትደብቃለች። ኤስቶኒያውያን ለመቶ ዓመት ከውጭ ያዩት ግቢ እዚህ ከውስጥ ይታያል፤ ቤቱም እንደ ባለቤቶቹ ለመውደቅ የተዘጋጀ ነው።

ስለ መንግሥታት መለዋወጥ ከሁሉ በተሻለ የተናገረው ፊልም ግን ስለ መንግሥት የተሠራ አይደለም። ፔተር ሲም በ1987 የማትስ ትራትን የ1971 ልቦለድ ተከትሎ «ጭፈራ በእንፋሎቱ መኪና ዙሪያ»ን አዘጋጀ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የእህል መውቂያውን የሚያንቀሳቅስ የእንፋሎት መኪና ነው። መኪናው በምዕተ ዓመቱ መጀመሪያ ወደ መንደሩ ሲመጣ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ አሥርት ዓመታት ሲያልፉ ጌቶቹ ይለወጣሉ፣ ጦርነት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እህሉ ግን መወቃት አለበት። ማገዶ የሚማግደው፣ ነዶ የሚያቀብለው፣ አቧራ የሚውጠው ሰው እየተለወጠ መኪናው ይቆያል፤ በመጨረሻም ያረጃል። ሲም ይህን ሲሠራ የሶቪየት ሥልጣን ሊያበቃ አራት ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር። ፊልሙ ግን በ1991 ምንም መታረም አላስፈለገውም።

በ2019 ታኔል ቶም «እውነትና ፍትሕ» የተባለውን የታምሳሬን የመጀመሪያ ቅጽ፣ የድንጋይና የረግረጉን መጽሐፍ፣ ፊልም አደረገው። በዚያው ዓመት ሃርዲ ቮልመር «የዮሐኔስ ፓሱኬ እውነተኛ ሕይወት»ን አቀረበ። በዚህ ቀልደኛ ፊልም ወጣቱ ፎቶግራፍ አንሺና ረዳቱ ሃሪ ቮልተር ከባድ ካሜራቸውን ይዘው ከመንደር ወደ መንደር ይዞራሉ፤ ሊጠፋ የተቃረበውን አሮጌ ነገር ለሙዚየም ሊያነሡ ይሞክራሉ፤ የመንደሩ ሰው ግን ያየውን ብርቅ መሣሪያ እንጂ የራሱን አሮጌ ዕቃ ብርቅነት አይረዳም። እውነተኛው ፓሱኬ በሩስያ ጦር ውስጥ እያገለገለ በጥር 1918 ኦርሻ አጠገብ በደረሰ የባቡር አደጋ ሞተ። ነጻነት የታወጀው ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። ያነሣቸው ከአንድ ሺህ በላይ ፎቶግራፎች በታርቱው ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ከ«ወጣት ንስሮች» ወዲህ የተነሡት የልብስና የመድረክ ባለሙያዎችም የዘመኑን ካባ፣ ጫማና የበር እጀታ ለማወቅ ሲፈልጉ የሚያገላብጡት የእርሱን ዓይነት ሥዕሎች ነው።